የክርስትና ስም ፈላጊዋ ታየች

ታየች ባቡር አይታ አታውቅም። እኛ አገር ሃዲድ አልተዘረጋም፤ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ የትም የሚሄድ ሰው በመኪና ወይም በእግሩ ነው። ሆኖም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የስፌት መኪናዋን ፔዳል እየረገጠች ሳለ ድንገት እግሯን ታቆምና ወደ ሩቅ ታዳምጣለች። ከበረንዳዋ ፊት ባጃጅ ያልፋል፣ ጭድ የተጫነ አህያ ያልፋል፣ ጉም ወርዶ የሱቆቹን ጣሪያ ይሸፍናል። እሷ ግን በጉሙ ውስጥ አንድ ረጅም ነገር ቀስ ብሎ ሲሄድ ታያለች። በመስኮቶቹ ሰዎች ብቅ ብለዋል። አንዳንዶቹን በስማቸው ታውቃቸዋለች።

አንድ ቀን ሱሪዬን ላሳጥር ሄጄ እንዲህ ሆና አገኘኋትና «ምን ሆነሽ ነው?» አልኋት።

«ምንም። ሰዎቼ አለፉ» አለችኝና መርፌው ውስጥ ክር ማስገባቷን ቀጠለች።

ሰዎቿ ከብዙ ዘመን በፊት፣ በምሥራቁ በረሃ በሚያልፈው አሮጌ የባቡር መስመር ሲሠሩ የተጎዱና የሞቱ ናቸው። በዚያ በኩል ታሪካቸውን የሚያጠና አንድ ሰው አለ። የአደጋ ወረቀቶችን ከተጣሉ ሣጥኖች ውስጥ አግኝቶ፣ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ አስተርጉሞ፣ ቤተሰቦቻቸውን የሚያፈላልጉለት በጎ ፈቃደኞች በየአገሩ ጠየቀ። ብቻውን የማይገፋ ሥራ ነውና። የእኛን አካባቢ የታሪክ መምህርቷ ሔዋን ተቀበለችው። ሔዋን ደግሞ እኛን ሰበሰበች፤ አንድ ጡረታ የወጣ ነርስ፣ አንድ የእህል ነጋዴ፣ መጽሐፍ ከማንበብ በቀር ሌላ ሙያ የሌለኝን እኔን፣ ቀሚስ ልታሳጥር ሄዳ ያገኘቻትን ታየችንም ጨምሮ። ለዚህ ጥሪ ስላበቃኝ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ሔዋን የወረቀቶቹን ፎቶ በሙሉ በቴሌግራም ላከችልን። አጫጭር ናቸው፤ ስም፣ የትውልድ አገር፣ የሥራ ዓይነት፣ የደረሰ ጉዳት። ከዚያ በላይ የለም። ታየች አንብባ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«የክርስትና ስማቸውስ?»

ሔዋን ሳቀች። «እትዬ ታየች፣ ፈረንጅ በጻፈው የአደጋ ወረቀት ላይ የክርስትና ስም ከየት ይመጣል?»

«ታዲያ በምን ይታሰባሉ?»

ይህን ያለችው በዋዛ አይደለም። ታላቅ ወንድሟ ገና በጎረምሳነቱ ወደ ጦርነት ሄዶ ቀርቷል፤ መቃብሩ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እናቷ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ የክርስትና ስሙን ለካህን እየነገረች በጸሎት ታስጠራው ነበር። «መቃብሩን ባናውቅ ስሙን እናውቃለን፤ እግዚአብሔር በስሙ ያገኘዋል» ትል ነበር። ታየች ያደገችው ይህን እየሰማች ነው። ስሙ የጠፋበት ሰው ለእሷ ሁለት ጊዜ የሞተ ነው።

የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ተራዋ ደርሶ ማኅበርተኞቹ ቤቷ የተሰበሰቡ ዕለት፣ ስለ ሙታን ጸሎት ሲደረግ፣ የባቡር ሰዎቿን ስም ለማኅበሩ አባት ለመምሬ ዘማርያም አቀረበች።

«አስማማው ማነው?» አሉ መምሬ።

«የባቡር ሠራተኛ ነው አባቴ። ሁለት ፉርጎ መሐል ተጣብቆ ነው የሞተ።»

«ነፍሱን ይማር። አስማማው ግን የዓለም ስሙ ነው፤ በዚህ ስም የምታውቀው ቀበሌ ናት። እኔ በመቅደስ እንድጠራው የክርስትና ስሙን አምጪልኝ።»

«ዘመዱን እንኳ አላገኘንም እኮ አባቴ።»

«ፈልጊያ! ፈላጊ ነኝ ስትይ አልነበር እንዴ?»

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴዋ ወለተ ኪዳን፣ ዳቦ እየቆረሰች «ይቺ ሴት የራሷን ሙታን ጨርሳ የባቡር ሙታን ጀመረች» ብላ ሴቶቹን አሳቀቻቸው። ታየችም ሳቀች። ነገሩን ግን በልቧ ያዘችው።

የክርስትና ስም መጠየቅ እኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ስሙን ለንስሐ አባቱ ይነግራል፣ ለክርስትና አባቱ የታወቀ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ግን አይሰጥም። መተተኛ ስሜን ይዞ ይሠራብኛል ብሎ ይፈራል። ታየች በአማኑኤል ከተማ የአንዱን የባቡር ሰው የወንድም ልጅ አግኝታ ገና «የአጎትሽ የክርስትና ስም» ከማለቷ ሴትዮዋ «ማን ላከሽ? ያቺ ጎረቤቴ ናት የላከችሽ!» ብላ፣ መጥረጊያ ይዛ እስከ አስፋልቱ ሸኝታታለች። ያም ሆኖ ተመላልሳ፣ አብራት ቅዳሴ ቆማ፣ የልጇን ጃኬት ዚፕ ቀይራላት፣ ስሙን በጆሮዋ አግኝታለች። የሌሎቹንም እንዲሁ። በየቤቱ የምትጠጣው ጠላ በዝቶባት እያዛጋች የምትመለስበት ጊዜ ነበር።

በመጨረሻ አስማማው ብቻ ቀረ።

የእሱ ወረቀት «አስማማው፣ ጎጃም፣ ስናን፤ ፉርጎ አያያዥ፤ በሁለት ፉርጎዎች መካከል ተጣብቆ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል» ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ነው። በአንድ ላይ ታስረው ከተገኙት ወረቀቶች የሚበዙት የሞቱ ሰዎች ስለነበሩ፣ ሁላችንም እሱንም ከሙታን ቆጠርነው። ታየች ከሁሉም ይልቅ እሱን አሰበች። በየወሩ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ለነዳያን ዳቦ ስታካፍል «ለአስማማው፣ ነፍስ ይማር» ትላለች። መልኩንም ሠራችለት፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አንገቱ ላይ ነጠላ የጠመጠመ። ጉሙ ውስጥ በሚያልፈው ባቡር ከመጨረሻው መስኮት ሆኖ ያያታል። ምንም አይላትም። ስሙን እስክታገኝ የሚጠብቅ ይመስላታል።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ስፌቷን ዘግታ ስናን ወዳለችው ሮብ ገበያ ከተማ በሚኒባስ ወጣች። ጮቄ በዚያን ቀን አልታየም፤ ተራራው ባለበት በኩል ነጭ ነገር ብቻ ነበር። ገብሱ በጤዛ ጎብጧል። ታየች እንደነገረችኝ፣ ከመኪናው ስትወርድ የቆመችበት ምድር በእንቅልፍ ልብ የምትሄድበት ቦታ መስሏታል፤ ሰዎች ከጉሙ ብቅ ይሉና «እንዴት ዋልሽ» ብለው ተመልሰው ይገባሉ።

ሱቁ ደጃፍ ላይ ጨው የሚሰፍር ሰውዬ አገኘች።

«ወንድሜ፣ ድሮ ወደ ባቡር አገር ሄዶ የሞተ አስማማው የሚባል ሰው ቤተሰብ ታውቅ እንደሆነ?»

«አስማማው ባቡር?» አለ ሰውዬው።

«አዎ፣ ባቡር ላይ ሲሠራ የሞተው።»

ሰውዬው ጣሳውን አስቀመጠ። «ካልሽውማ ይሙት። ሮብ ዕለት ግን እዚሁ ድንች ሲያስመዝን ነበር፤ ሚዛን አጎደልህ ብሎ የሰደበኝም እሱ ነው።»

ታየች በሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ደስታ ነው፣ ድንጋጤ ነው፣ አላወቀችውም። የምታዝንለት ሰው ከእጇ አምልጧት ሮጦ ሲሄድ፣ ከኋላው እየሳቀች የቆመች መሰላት።

ባለሱቁ ጠቁሟት ስትደርስ፣ አያ አስማማው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቃጫ እየገመዱ ነበር። ግራ እጃቸው ከክርኑ በታች የለም። የቃጫውን ጫፍ በእግራቸው ጣት ይዘው በቀኝ እጃቸው ይፈትሉታል። አጭርና ወፍራም ናቸው፤ ዝምተኛም አይደሉም። የእህታቸው ልጅ ሥራነሽ ቆሎ በሰፌድ አቀረበች። ታየች ማን እንደሆነች፣ ወረቀቶቹን፣ ሔዋንን፣ ሁሉንም ተናገረች። ዳቦውንና ነፍስ ይማሩንም አልደበቀችም።

«እህ!» አሉ አያ አስማማው። «እኔ ወገቤ በየወሩ የሚቀለኝ ለካ ሰው እየቀበረኝ ኖሯል።»

«ይቅር ይበሉኝ አያ።»

«ምን በወጣሽ! ዳቦው ምን ያህላል?»

«ትንሽ ናት።»

«በቁሜ ተዝካሬን ስታወጪ ትንሽ ዳቦ? ትንሽ አታፍሪም?»

ሥራነሽ ከቤት ውስጥ «እኔ ስቀብርህ ትልቅ እጋግራለሁ አጎቴ፣ አይዞህ» አለች።

«እሷ ደግሞ ጥጃ መያዣ ገመድ አልሰጥሽም ስላልኋት እስክሞት ቸኩላለች» ብለው ታየችን ጠቀሷት።

ሳቁ ጋብ ሲል ስለ አደጋው ጠየቀቻቸው፤ ለጥናቱ ነው አለች። አያ አስማማው ገመዱን እየፈተሉ ነገሯት። ጎህ ሲቀድ ነው። ሥራቸው ፉርጎን ከፉርጎ በመንጠቆ ማያያዝ ነበር። በሁለቱ መሐል ገብተው ጎንበስ እንዳሉ፣ ከበስተጀርባቸው ተለይታ የቆመችው ፉርጎ ቁልቁለቱን ይዛ መጣች።

«ፉርጎ ሲመጣ ይጮኻል ትያለሽ አይደል? ብቻውን ሲንከባለል ድመት ነው። እንደዚህ ጉም ነው የመጣብኝ። ሰማዩ ቀላ ብሎ ነበር። ወፍ ሰማሁ። ከዚያ እጄ ከእኔ ጋር አልነበረም።»

ሥራነሽ ጥጆቹን ልታስገባ ስትሄድ ታየች የመጣችበትን ጉዳይ ጠየቀች።

«አያ አስማማው፣ እንኳንም በሕይወት አገኘሁዎት። ከዚህ በኋላ በሕያዋን ጸሎት እንድናስብዎ የክርስትና ስምዎን ይነግሩኛል?»

የሽማግሌው ጣት ገመዱን ለቀቀ።

«ገብረ ኪዳን» አሉ በፍጥነት። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። ጉሙን አዩ። «ሐሰት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺ ነገ ሂያጅ ነሽና ልንገርሽ። ለእናቴ ከተናገርሁ በኋላ ይህን የሚሰማ አንቺ ነሽ።»

በረሃው ውስጥ አንድ ወዳጅ ነበራቸው፣ የወሎ ልጅ፣ ደመላሽ የሚባል። በአንድ የጥምቀት ዕለት፣ በአቅራቢያቸው ቤተ ክርስቲያን አጥተው፣ ከጣቢያው የውኃ በርሜል ጨልፈው እርስ በርስ ተረጫጩ። የእናት ልጅ እንሁን ተባባሉ፤ የክርስትና ስማቸውንም ተነጋገሩ። እናታቸው ከቤት ሲወጡ «ስምህን ለማንም እንዳትናገር» ብላ አስጠንቅቃቸው ነበር። ጥምቀቱ ባለፈ ሰሞን ፉርጎዋ መጣች።

«ሸጠኝ አልሁ። ስሜን ለመተተኛ ሸጠኝ። ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሰኝ እሱ ነው፤ በባርኔጣው ብርቱካን ይዞ እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር። እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁበት። አንድ ቃል ሳልመልስለት ወደ አገሬ ገባሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስሜን ለማን እናገራለሁ? ጸበል ስገባ ገብረ ኪዳን ነኝ እላለሁ። ለንስሐ አባቴም እንዲሁ አልሁ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሥጋ ወደሙ አልተቀበልሁም፤ በሐሰት ስም እንዴት እቀርባለሁ? የጸለዩልኝ ጸሎት ሁሉ ለሌላ ሰው ሄደ። እኔ ስሞትም ያን ሰው ይፈቱታል። ከደመላሽ በቀር የእኔን ስም የሚያውቁት ሁሉ አፈር ገብተዋል። ከእኔ ጋር ያልቃል።» ድምፃቸው ቀጠነ። «አልናገርም ግን። እፈራለሁ። ሌላኛዋም እጅ ትቅር እንዴ?»

ታየች ስልኳን ከደረቷ አወጣች። ደመላሽ የሚለውን ስም ከዚህ በፊት አንብባዋለች።

ሔዋን ወረቀቶቹን እያስተያየች ሳለ የአንዲት ፉርጎ ቁጥር ደጋግሞ እንደሚመጣ አይታ በቀይ አክብባው ነበር። ታየችም ያን ፎቶ ይዛዋለች። «አያ» አለች፣ «የእርስዎን እጅ የወሰደችው ፉርጎ ፍሬኗ ያለቀ ነበር። እዚህ ተጽፏል። ከእርስዎ በፊት በዚያው ጣቢያ ይቺው ፉርጎ ያለ ሰው ተንከባልላ የአንድ ሰው እግር ሰብራለች።»

«የማን?»

«ዑመር ይላል።»

«ዑመር! ዑመርን አውቀዋለሁ። አንካሳው ዑመር። ሻይ እያፈላ ይሰጠን ነበር።»

«ዑመር ሙስሊም አይደል አያ? የትኛውን የክርስትና ስሙን ነው የሸጡበት?»

የአያ አስማማው ሆድ መነቅነቅ ጀመረ፤ ሳቃቸው ከሩቅ የመጣ፣ ደረቅ ሳቅ ነበር። «ዑመር...» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እሱስ እውነት ነው፣ ዑመር...» ወዲያው ግን ሳቁን ገቱ። «አንዱ ምናልባት እንዲሁ ደርሶበት ይሆናል። የእኔ ግን...»

ታየች ሌላውን ገጽ ልታሳያቸው ፈራች። ዘግታው ብትሄድ ሽማግሌው ወዳጃቸውን በሕይወት እንዳለ ያስቡታል፤ ይጠሉትም እንደሆነ፣ የሚጠሉት በሕይወት ያለ ሰው ነው። ልቧ በኪዳነ ምሕረት ስም ለመነ። ከዚያ አነበበችው።

«ደመላሽ፣ ወሎ። ፉርጎ አያያዥ። እርስዎ በተጎዱ በዓመቱ ነው።»

«ሞተ?»

«ሞተ አያ።»

«በዚያችው?»

«በዚያችው።»

ከቤቱ ጀርባ ጥጃ ጮኸ። ሥራነሽ ትቆጣዋለች። አያ አስማማው ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ወደ ፊታቸው ስበው አለቀሱ። ታየች አላባበለቻቸውም። ጉሙ ከደጃፉ ገብቶ በሁለቱ መሐል ተቀመጠ፤ ለጥቂት ጊዜ እርስ በርሳቸው እንኳ በደንብ አይተያዩም ነበር።

«በረሃው ውስጥ የእሱን ስም የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ» የሚል ድምፅ ከውስጡ መጣ። «በልቤ ነበር ያስቀመጥሁት። ተቀይሜው እንኳ ለማንም አልነገርሁም። ለማንም። ፉርጎዋ ግን እሱንም ወሰደችው።»

«አዎ አያ።»

«ስለዚህ እሱም የእኔን አልነገረም።»

«አልነገሩም።»

«ስሙ ወልደ ሩፋኤል ነው» አሉ ነጠላቸውን ገልጠው። «ለቄስሽ ንገሪ። ለወሎዎቹም ላኪ፤ የሚያስበው አያጣ። ብርቱካን ያመጣልኝ ነበር በይ።»

ታየች እዚያው ለሔዋን ደወለች፤ የወሎ ድርሻ በሌሎች በጎ ፈቃደኞች እጅ ስለሆነ እንድትልክላቸው። የአያ አስማማውን ስም ግን ደግማ አልጠየቀችም። እሷ እንዳለችው፣ በዚያች ሰዓት ስሙን ማወቅ ከልቧ ወጥቶላት ነበር።

ከሥራነሽ ጋር አደረች። በማግሥቱ እሑድ ነው። አያ አስማማው ከሁሉም ቀድመው ተነሥተው ታጥበዋል፤ ሥራነሽ «ዛሬ ሊያገባ ነው እንዴ?» ብላ አጎቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። ሦስቱም ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበተን፣ ሽማግሌው ቅጥሩ ውስጥ ካለው ጽድ ሥር ቆመው ንስሐ አባታቸውን ጠበቁ። ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው መጡ፤ በዕድሜ ከአያ አስማማው የሚያንሱ፣ ፊታቸው ክብ የሆነ ሰው ናቸው።

«እንዴት አደርህ ገብረ ኪዳን?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ። ገብረ ኪዳን ግን አይደለሁም።»

ካህኑ ፈገግ አሉ፤ ሽማግሌ የሚቀልድ መሰላቸው። «ታዲያ ማነህ?»

አያ አስማማው ባርኔጣቸውን በብብታቸው አድርገው ቀረብ አሉ። ታየች የከንፈራቸውን እንቅስቃሴ እንኳ እንዳታይ ጀርባዋን ሰጥታ የጽዱን ቅርፊት አየች። ሥራነሽንም ክንዷን ይዛ አዞረቻት። ከኋላቸው የሹክሹክታ ድምፅ ነበር፤ ቀጥሎ የካህኑ «እስከ ዛሬ?» የሚል ቃል፤ ደግሞ ሹክሹክታ። ረጅም ነበር። ሴቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ በአጠገባቸው አለፉ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ታየች ናት፤ እንድጽፈው አያ አስማማውን አስጠይቄ ፈቅደውልኛል፤ ስሙን ግን እኔም አላውቀውም፣ እሷም አታውቀውም። ለጥናቱ በላከችው ወረቀት ላይ የአደጋው ታሪክ አለ፣ የፍሬኑ ነገር አለ፣ «በሕይወት አሉ» የሚል አለ።

ከጽዱ ሥር ካህኑ መስቀሉን አንሥተው የንስሐውን የፍታት ጸሎት ጀመሩ። ግእዙ በዝግታ ሄደ። ከመሐሉ ላይ አንድ ስም በለሆሳስ ጠሩ፤ ለሴቶቹ አልተሰማም።

የተሰማቸው ሽማግሌው ከፍ ባለ ድምፅ፣ ከሩቅ እንደ ተጠራ ልጅ፣ «አቤት!» ሲሉ ነው።